ለመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ሚያታ ምንጣፍና የዲለር አክሰሰሪ አመራረጥ፣ ደረጃ በደረጃ

"ሚያታ ገዛሁ፤ ምን ዓይነት ምንጣፍ ይሻለዋል?" የሚለው ጥያቄ አይቋረጥም። ወዲያው ደግሞ ሁለተኛው ይከተላል፦ "የሚሸጥልኝ ሰው ሃርድቶፕ (ተነቃይ ጠንካራ ጣራ)፣ ጭቃ መከላከያና የኋላ ፖርቶመጋላ አብሬ ልስጥህ ይለኛል፤ ልውሰድ ወይስ ልተው?" ይህ መመሪያ ለሁለቱም ነው። የዲለር አክሰሰሪ የምንለው አዲሱን መኪና የሸጠው ድርጅት (ዲለሩ) የሚጨምረውን ዕቃ ነው። የሚመለከተው የፊት መብራቱ የሚነሳና የሚቀመጠውን፣ ከ1989 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የተሠራውን ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣራው የሚታጠፍ መኪና ብቻ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሚያታ፣ አውሮፓ ውስጥ ኤምኤክስ-5፣ ጃፓን ውስጥ ዩኖስ ሮድስተር የሚባለውን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቅደም ተከተሉን አይቀይሩት። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ፔዳል፣ መልክ የመጨረሻ። ገበያው የሚጀምረው ከመልክ ስለሆነ ብዙ ሰው ቆንጆ ምንጣፍ ገዝቶ በረጠበ ወለል ላይ ያነጥፋል፤ ከዓመት በኋላ ሲያነሳው ሥሩ ዝገት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ ማርከር
- ወፍራም ቡናማ ወረቀት ወይም የተበተነ ካርቶን፣ መቀስ፣ የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር
- 2 ሚ.ሜ. ያህል ውፍረት ያለው የሣር ማጨጃ ናይለን ክር፣ 1 ሜትር
- ባለ 1 ሊትር ውሃ መያዣ፣ ቢቻል አፉ ቀጭን የሆነ
- ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት
- የአቧራ መጥረጊያ ማሽን፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቬንቲሌተር
- ካቻቢቴና የፕላስቲክ ክሊፕ መንቀያ (የብረት ካቻቢቴ በዚህ ዕድሜ ያለ ክሊፕን ይሰብራል)
- ምንጣፉ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ነገር ከሌለው፣ ወለል ላይ የሚተከል መያዣ፣ ለአንድ ምንጣፍ 2

ደረጃ 1፦ መኪናው የየትኛው ዓመት እንደሆነ ያረጋግጡ

በአሜሪካ የተሸጠ መኪና መለያ ቁጥር 17 ሆሄና አሃዝ አለው። 10ኛው ቦታ ላይ ያለው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይነግርዎታል፦ ኤል 1990፣ ኤም 1991፣ ኤን 1992፣ ፒ 1993፣ አር 1994፣ ኤስ 1995፣ ቲ 1996፣ ቪ 1997። የአሜሪካው፣ እስከ 1993 ያለው፣ ሞተሩ 1.6 ሊትር ነው፤ ከ1994 ጀምሮ 1.8 ሊትር ሆኖ የተሳፋሪ ኤርባግም ተጨመረለት።

አሜሪካ ውስጥ 1998 የሚባል የሚያታ ሞዴል የለም። ከ1997 በቀጥታ የፊት መብራቱ የማይነሳው የ1999 ሁለተኛ ትውልድ ቀጠለ። ስለዚህ "ከ1990 እስከ 1998 ላለው ሁሉ ይገጥማል" ብሎ ምንጣፍ የሚሸጥ ሰው ዕቃውን መኪናው ላይ አስቀምጦ አላየውም ማለት ነው። ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

መኪናዎ ከጃፓን የገባ ዩኖስ ከሆነ መሪው በቀኝ ነው፤ ምንጣፉም የአሜሪካው ግልባጭ ነው። የግራ መሪ ምንጣፍ ገልብጦ መጠቀም አይቻልም፤ ሥሩ ያለው መያዣ ጥርስ ወደ ላይ ይዞርና ለስላሳው ፊት ወለሉ ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል።

ደረጃ 2፦ ውሃው ከየት እንደሚገባ ይፈልጉ

ይህን ደረጃ ሳይጨርሱ ገንዘብ አያውጡ።

ከተጣጣፊው ጣራ የሚወርደው ዝናብ ከወንበሮቹ ኋላ ባለው አሸንዳ ይሰበሰባል። ከዚያ በግራና በቀኝ ማዕዘን፣ ከቀበቶ መያዣው ቋሚ አጠገብ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች አልፎ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ከመኪናው ሥር ይወጣል። ቅጠል፣ የጥድ መርፌና አቧራ እነዚህን ቀዳዳዎች ሲደፍኑ ውሃው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አንደኛው ወደ በር ደፉ ውስጥ ነው፤ የእነዚህ መኪኖች ደፍ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ከውስጥ ወደ ውጭ የሚበሰብሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ወደ ጋቢናው ወለል ነው። በ1.6ቱ የግራ መሪ መኪና ላይ ደግሞ የሞተሩ ኮምፒውተር የሚገኘው ተሳፋሪው እግሩን በሚዘረጋበት ቦታ፣ ከምንጣፍ ሥር፣ በብረት ሽፋን ተከድኖ ነው። እዚያ ውሃ ሲተኛ ጉዳቱ ከሽታ ያልፋል።

ፍተሻው እንዲህ ነው፦

ሀ. ጣራውን ከፊት ፈትተው በከፊል ያንሱት። የኋላው የፕላስቲክ መስኮት ካለ ዚፑን ከፍተው ያስቀምጡት፤ ሳይከፈት ከታጠፈ፣ በተለይ በብርድ፣ ይሰነጠቃል።

ለ. በእጅ ባትሪ ማዕዘኑን እያዩ የሚታየውን ቆሻሻ በጣት ያውጡ። ወደ ውስጥ አይግፉት።

ሐ. ግማሽ ሊትር ውሃ ቀስ አድርገው ያፍሱ። አንድ ሰው ከመኪናው ሥር ይመልከት። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ በደንብ መውረድ አለበት። ከተንጠባጠበ ወይም ከላይ ከቆመ ተደፍኗል።

መ. የናይለን ክሩን ጫፍ በክብሪት ለኩሰው አድበልብሉት፤ ሹል ከሆነ ቱቦውን ይበሳል። እያሽከረከሩ ወደ ታች ያስገቡ፣ ያውጡ፣ ውሃ ያፍሱ፣ ይድገሙ። ቆሻሻው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ከታች ይወጣል።

ሠ. ሌላኛውን ጎን እንዲሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የአየር ኮምፕሬሰር አይጠቀሙ። ግፊቱ ቱቦውን ከመገጣጠሚያው ያላቅቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ቀዳዳው ንጹሕ ሆኖ ውሃው ግን በቀጥታ ወደ ውስጥ ይፈሳል። የብረት ሽቦም እንደዚሁ።

ቀዳዳዎቹ ንጹሕ ሆነው ወለሉ አሁንም ከረጠበ ፈሳሹን ራሱን ይጠይቁት። ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት እርጥበቱ ላይ ይጫኑና ይመልከቱ። ቀለምና ሽታ የሌለው ውሃ በተሳፋሪ በኩል ብቻ፣ በተለይ ኤሲ በሚሠራበት ወቅት ከታየ፣ የኤሲው የውሃ መውረጃ ቱቦ ተደፍኗል። የሚጣብቅና ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ መስተዋቱም ከውስጥ ጉም የሚይዝ ከሆነ፣ የሚያፈሰው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። ከፍሪሲዮን ፔዳሉ ሥር የሚያሟልጭ፣ ቀለም የሚልጥ እርጥበት ካለ የፍሪሲዮኑ ዋና ፓምፕ ጎሚኒው አልቆ ፈሳሹ በፔዳሉ ዘንግ በኩል ወደ ውስጥ እየወረደ ነው። ይህኛው ከምንጣፍ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ጥገናውን ሳያደርጉ ረጅም መንገድ አይውጡ።

ደረጃ 3፦ ወለሉን ያድርቁ፣ ያጽዱ

ከፋብሪካ የተገጠመው የወለል ልብስ ከሥሩ ወፍራም ጭምድ (ውሃ የሚጠጣ ንጣፍ) አለው። ላዩ ደረቅ ሆኖ ጭምዱ ሊትሮች ውሃ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ በመዳፍ ሳይሆን በጉልበት ተንበርክከው ይሞክሩት። ከረጠበ የበር ደፉን ሽፋን ያንሱ፣ የልብሱን ዳር ከሥሩ ያውጡ፣ ከፍ አድርገው አንድ ነገር ይደግፉትና ቬንቲሌተር ያነጣጥሩበት። በሞቃት ቀን 24 ሰዓት፣ በክረምት 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል። ልብሱ ተነስቶ እያለ ብረቱን ይመልከቱ። ላይ ላዩን ያለ ዝገት በብሩሽ ጸድቶ የዝገት መከላከያ ይቀባል፤ ካቻቢቴ ሲጫኑት የሚበሳ ከሆነ የባትላሜራ ሥራ ነው።

ደረጃ 4፦ የወረቀት ሞዴል ይሥሩ

"ለሚያታ የተሠራ" የሚለው ጽሑፍ አይበቃም። ሠላሳ ዓመት ባለፈው መኪና ላይ የወለሉ ልብስ ተቀይሮ፣ ወንበሩ ተቀይሮ ወይም ለረጅም ሰው ዝቅ ተደርጎ ሊሆን ይችላል።

1. ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳቡ።
2. ወረቀቱን ከካምቢዮው ዋሻ (በሁለቱ ወንበሮች መካከል ከፍ ካለው ቦታ) ጀምረው እስከ በር ደፉ ይዘርጉ፤ በወረቀት ፕላስተር ያጣብቁት።
3. የወለሉን ጥግ በማርከር ይከተሉ። የግራ እግር ማረፊያውን ቅርጽ ለብቻው ያስምሩ፤ ብዙ ርካሽ ምንጣፎች የሚበላሹት እዚያ ነው። በላዩ ላይ እየወጡ ይታጠፋሉ፣ ከዚያም ወደ ፍሪሲዮኑ ይገፋሉ።
4. እያንዳንዱን ፔዳል በእጅ እስከ ታች ተጭነው፣ የታችኛው ጫፍ የሚደርስበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርጉ።
5. ዙሪያውን 1 ሴ.ሜ.፣ ከፔዳሎቹ ምልክት ደግሞ 3 ሴ.ሜ. ቀንሰው ይቁረጡ።

ይህን ወረቀት አይጣሉት። ያገለገለ ምንጣፍ ለማየት ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ፤ በአካል ማየት ካልቻሉ ሻጩን የሦስት ቦታ ልኬት ይጠይቁ፦ ከፍተኛው ርዝመት፣ የላይኛው ስፋት፣ የታችኛው ስፋት።

ደረጃ 5፦ የምንጣፉን ዓይነት ይምረጡ

የጸጉር ምንጣፍ። ከመኪናው የመጀመሪያ መልክ ጋር የሚስማማው ይህ ነው። ቀጭን ስለሆነ የእግርዎን ከፍታ አይቀይረውም። ሥሩ ትናንሽ የጎማ ጥርሶች ሊኖሩት ይገባል፤ ሥሩ ልሙጥ ጨርቅ የሆነ አይግዙ። የሾፌሩ ምንጣፍ ላይ ተረከዝ የሚያርፍበት የተሰፋ ጎማ ይኖራል። ሲሞክሩት በመደበኛ አቀማመጥዎ ተቀምጠው ቀኝ ተረከዝዎ በትክክል እዚያ ማረፉን ይመልከቱ። ካላረፈ በአንድ ዓመት ውስጥ ጎኑ ያለው ጸጉር ይሳሳል።

ጠርዙ ከፍ ያለ የጎማ ምንጣፍ። እንደ አሜሪካዎቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በመሰለ፣ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር ዓመቱን ሙሉ ለሚነዳ መኪና ጥሩ ነው፤ ከጫማ የሚወርደውን የጨው ውሃ ይይዛል። ሁለት ጣጣ አለው። የሚያታ ጋቢና ጠባብ ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንኳ በረጅም ሰው ጉልበትና በመሪው መካከል ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ጎማው ከሥሩ ያለውን እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ፣ ደረጃ 2ን የዘለለ ሰው በዚህ ምንጣፍ የሚያደርገው ዝገቱን መክደን ነው። እንደ ድስት ክዳን በየሳምንቱ እያነሱ ማየት ያስፈልጋል።

የኮኮናት ቃጫ ምንጣፍ። በድሮ የአውሮፓ ስፖርት መኪኖች የተለመደ ነው፤ አሸዋን ወደ ውስጥ ያሰርጋል፣ ደረቅ ቦታም ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። ለሚረጥብ መኪና ግን አይሆንም፤ ውሃ ከጠጣ አይደርቅም።

በልክ የሚቆረጥ ሁለንተናዊ ምንጣፍ። ይተዉት። ቅርጹ ለሰፊ መኪና የታሰበ ስለሆነ በዋሻው በኩል ይታጠፋል፤ ሲቆረጥም ጠርዙ ተዘግቶ ስላልተሰፋ ይተረተራል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ከመኪናው ውስጥ ልብስ ጋር የማይስማማ አዲስ ምንጣፍ ከመግዛት ጥቁሩን መምረጥ ይሻላል። ቡናማ የውስጥ ልብስ ያላቸው፣ ለምሳሌ የ1991ዱ ጥቁር አረንጓዴ ልዩ እትም፣ የራሳቸው ቀለም ስላላቸው በፎቶ አይወስኑ። ከወንበሩ ሥር ያልጠወለገ የወለል ልብስ አለ፤ ናሙናውን ከእሱ ጋር ያመሳስሉ።

ደረጃ 6፦ ያገለገለ ኦሪጅናል ሲገዙ የሚታይ

ፊቱን ሳይሆን ሥሩን መጀመሪያ ይዩ። የጎማ ጥርሶቹ በጣት ሲታሹ እንደ ዱቄት የሚረግፉ ከሆነ ምንጣፉ አልቋል፤ ከላይ የቱንም ያህል ቢያምር አይያዝም። ሁለት እጥፍ አድርገው ይሞክሩት፤ ቀጥ ብሎ ካልተመለሰ ጠርዙ ወደ ፔዳል ይቆማል። ያሽቱት፤ የሻጋታ ሽታ በሻምፑ አይለቅም። ከዚያ በኋላ ጽሑፉንና አርማውን ይመልከቱ።

ደረጃ 7፦ ገጥመው ፔዳሉን ይፈትሹ

ይህ ለመልክ የሚዘለል አይደለም። በኦገስት 2009 ካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ አካባቢ፣ ከሌላ ሞዴል የመጣ የጎማ ምንጣፍ የአንድ ሌክሰስ (የቶዮታ የቅንጦት ምርት) ነዳጅ መስጫ ፔዳል ይዞ 4 ሰዎች ሞቱ፤ ቶዮታ በዚያው ዓመት ምንጣፍን በተመለከተ ወደ 3.8 ሚሊዮን መኪኖችን የሚያካትት ማስጠንቀቂያ አወጣ። ያ መኪና ዘመናዊ ነበር። የእርስዎ መኪና ነዳጅ መስጫ በገመድ የሚሳብ ነው፤ ፔዳሉ ከታች ከተያዘ ፍሬን ሲረገጥ ነዳጁን የሚቆርጥ ኮምፒውተር የለውም።

1. የድሮውን ምንጣፍ ያውጡ። አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ክልክል ነው።
2. መያዣ ካለው ያስሩት። ከሌለው የሚተከለውን መያዣ በወለሉ ልብስ ላይ ይትከሉ፤ ብረቱን በድሪል አይብሱ። ከወለሉ ሥር የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች ያልፋሉ።
3. ሞተሩን ያጥፉ። ምንጣፉን በእጅ በኃይል ወደ ፊት ይግፉት፤ ሆን ብለው እጥፍ ያድርጉት። በጣም መጥፎው ሁኔታ ይህ ነው፤ ፍተሻውም በዚህ ሁኔታ ነው መደረግ ያለበት።
4. ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ተጭነው ድንገት ይልቀቁ። ጠቅ ብሎ መመለስ አለበት። በፔዳሉና በምንጣፉ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት።
5. ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ይርገጡ። ምንጣፉ በ1 ሴ.ሜ. እንኳ ካስቆመው ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ማርሹ እየተፋጨ ይገባል፣ ሲንክሮናይዘሩም (ማርሹ ሳይፋጭ እንዲገባ የሚያደርገው ክፍል) ያልቃል። ብዙ ሰው ካምቢዮው ተበላሸ ብሎ ወደ መካኒክ የሚሄደው በዚህ ነው።
6. ፍሬኑን ተመሳሳይ። በደህና ጊዜ ፔዳሉ ወደ ታች ብዙ አይወርድም፤ ከሁለቱ የፍሬን መስመሮች አንዱ ሲያፈስ ግን ወደ ወለሉ ይጠጋል። ምንጣፉ ያን ቦታ መያዝ የለበትም።
7. ከአንድ ሳምንት መንዳት በኋላ ምንጣፉ መንቀሳቀሱን ይዩ። ተንቀሳቅሶ ከሆነ መያዣው አልያዘም።

ማስጠንቀቂያ፦ ዳሽቦርድ የሚያብለጨልጩ ሲሊኮን ያላቸው ቅባቶች ጎማ ምንጣፍ ላይ አይቀቡ። ጫማ ከፍሪሲዮን ላይ የሚያንሸራትተው እሱ ነው።

ደረጃ 8፦ የዲለር አክሰሰሪዎችን ይለዩ

አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና መስኮት ላይ የሚለጠፈው የዋጋ ወረቀት ከፋብሪካ የመጣውን ይዘረዝራል። ዲለሩ ራሱ የጨመረው ብዙ ጊዜ በተጨማሪ ወረቀት ላይ ነው። የድሮው ባለቤት ወረቀቶቹን ካስቀመጠ ይጠይቁ፤ ከሌሉ ልዩነቱ የሚታየው በብሎኑ ቀዳዳ ነው። የፋብሪካ ቀዳዳ ጠርዙ ቀለም ጠጥቷል። በዲለር ወርክሾፕ የተበሳ ግን ጠርዙ ባዶ ብረት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ብሎኑን ፈትተው በባትሪ ብርሃን ጠርዙን ይመልከቱ።

ደንቡ አጭር ነው፦ ሳይበሳ የሚገጠም ይቅደም፤ ተበስቶ የተገጠመ ከሆነ ከመንቀሉ በፊት ቀዳዳው በምን እንደሚደፈን ያስቡ።

ሃርድቶፕ። ካለ ይውሰዱት። ከሁሉም አክሰሰሪ ዋጋውን የሚይዘው ይኸው ነው። ኦሪጅናሉ 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በፋይበር የተጠናከረ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፣ ግን ይሰነጠቃል። የአንደኛውና የሁለተኛው ትውልድ ሃርድቶፕ እርስ በርስ ይገጣጠማል፤ ስለዚህ ከ1990 እስከ 2005 ካለ ማንኛውም ሞዴል ኦሪጅናል መግዛት ይችላሉ። ልዩነት የሚኖረው በኋላ መስተዋት ማሞቂያው ሽቦ ነው፤ መስመሩ በመኪናዎ ላይ ላይኖር ይችላል። ሲገዙ፦

- በመቆለፊያዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ ይፈልጉ። በኃይል የተቆለፈ ጣራ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው።
- የዙሪያውን ጎሚኒ በጥፍር ይጫኑ። ጠንክሮ ምልክት የሚተው ከሆነ ያፈሳል፤ የአዲስ ጎሚኒ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ።
- በመኪናው በኩል ከበሮቹ ኋላ የሚገቡት የጎን መያዣዎች መኖራቸውን ያረጋግጡ። ከመጀመሪያው ያለ ሃርድቶፕ የተሸጠ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የሉም፤ ለብቻ ይገዛሉ።
- ሲነሳም ሲገጠምም ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንድ ሰው ከሞከረው የፊት መስተዋቱ ክፈፍ ወይም የኋላው ፓራፋንጎ ይጫራል።
- ስርቆት አለ። የጎን መቆለፊያውን የሚቆልፍ ቁልፍ ይጨምሩ።

ጭቃ መከላከያ። ጨው ባለበት አገር ይጠቅማል፤ የደፉን ቀለም ከጠጠር ያድናል። ግን ከኋላው ጭቃ ይሰበስባል፣ ጭቃው ውሃ ይይዛል። ተገጥሞ ከመጣ አንድ ጊዜ ፈትተው ሥሩን ይዩ። ሲመልሱት የማይዝግ ብሎንና የናይለን ዋሸር ይጠቀሙ፤ በየክረምቱ መጨረሻ በቱቦ ይታጠብ።

የኋላ ፖርቶመጋላ። የሚያታ ሻንጣ መጫኛ ትንሽ ስለሆነ ሐሳቡ ትክክል ነው። ክዳኑን በስቶ የሚታሰረው ግን ከብሎኑ ሥር ያለው ጎሚኒ ሲያረጅ ውሃ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ባትሪው አለ። ጠርዝ ላይ በመያዣ የሚታሰር ይመረጣል። የክዳኑ የብረት ዘንጎች የተሠሩት ለባዶ ክዳን ነው፤ ፖርቶመጋላና የኋላ ክንፍ ሲደረብባቸው ክዳኑ ራስ ላይ ይወርዳል።

የሻንጣ መጫኛ ምንጣፍ። የባትሪው ጋዝ ወደ ውጭ የሚወጣባቸውን ቱቦዎች እንዳይጨፈልቅ በባትሪው በኩል ይቆረጥ። ባትሪው ራሱ ለዚህ መኪና የተሠራ፣ ፈሳሽ የማያፈስና ማስተንፈሻ ያለው መሆን አለበት። ተራ ባትሪ የተቀመጠባቸው መኪኖች ወለል በአሲድ ይበላል፤ ምንጣፉ ጉዳቱን ይሸፍነዋል እንጂ አይከላከለውም።

የአፍንጫ ልብስ። የፊቱን ቀለም ከጠጠር ለመጠበቅ የሚታሰረው የሰው ሠራሽ ቆዳ። ከሥሩ አሸዋና ውሃ ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይፍቀዋል፤ ያልተሸፈነው ቀለም በፀሐይ ሲደበዝዝ የተሸፈነው ሳይለወጥ ይቀራል። ለረጅም ጉዞ ብቻ፣ በደረቅ ቀን፣ ሲደርሱም ይውለቅ። ዓመታት ሳይነሳ የቆየበትን መኪና ሲገዙ ሻጩን አውልቅልኝ ይበሉት።

ከወንበር ኋላ የሚቆም ቅስት። ይህ ጌጥ ነው። መኪናው ሲገለበጥ ሰው የሚያድነው ከመኪናው አካል ጋር በጠንካራ ብሎኖች የታሰረ፣ በትክክለኛ ውፍረት የተሠራ የብረት ቅስት ነው። ሁለቱ ከሩቅ ስለሚመሳሰሉ በዚህ ተማምኖ የሚነዳ ሰው አለ።

የጉም መብራት። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባሉ። ይህን በቀጭን የማብሪያ ሽቦ ማሳለፍ ሽቦውን ያቃጥላል። ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ)፣ የራሱ 15 አምፔር ፊውዝና 2.5 ሚሜ ካሬ ሽቦ ያስፈልጋል። ፊውዝ የሌለው የድሮ ገጠማ ካገኙ ሳያበሩት ይንቀሉት።

የጎማ መቆለፊያ ዳዶ። ክሩ ኤም 12 በ1.5 (12 ሚ.ሜ. ውፍረት፣ በጥርሶቹ መካከል 1.5 ሚ.ሜ.)፣ የማጥበቂያ ኃይሉ ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ነው። መኪናውን ሲገዙ የመቆለፊያው ቁልፍ ካልተሰጠዎት ጎማ መንገድ ላይ ሳይተነፍስ አሁኑኑ ወደ ጎሚስታ ወስደው ያስነቅሉት።

የማርሽ እጀታ። ክሩ ኤም 10 በ1.25 ነው፤ ሌላ ክር በጉልበት የሚገባ ይመስላል፣ ግን ዘንጉን ያበላሻል። የጣሊያኑን ናርዲ ኩባንያ የእንጨት እጀታ ከወደዱት፣ ማዝዳ በ2017 ጃፓን ውስጥ ለመጀመሪያው ትውልድ የእድሳት ፕሮግራም ሲያስታውቅ እንደገና ከሚሠሩት ዕቃዎች መካከል የናርዲ መሪና የማርሽ እጀታ ነበሩበት። በፒንሳ አይጥበቅ፤ በእጅ ይበቃዋል።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

- የሾፌሩን ብቻ መግዛት። በ1.6ቱ የግራ መሪ መኪና የተሳፋሪው በኩል ነው ኮምፒውተሩ ያለበት፤ የረጠበ ጃንጥላ የሚጣለውም እዚያ ነው።
- እርጥብ ምንጣፍ አጥቦ ሳይደርቅ መመለስ። ከመኪናው ውጭ፣ በሁለቱም ፊት ይድረቅ።
- ሃርድቶፕ ሲገጠም ተጣጣፊውን ጣራ እርጥብ አድርጎ ማጠፍ። በወራት ውስጥ ይሻግታል።
- የአክሰሰሪ ቀዳዳን በሲሊኮን ብቻ መድፈን። መጀመሪያ ባዶው ብረት የዝገት መከላከያና ቀለም ይቀባ፤ ከዚያ የጎማ ክዳን ይግባበት።
- የውሃ መውረጃውን አንድ ጊዜ አጽድቶ መርሳት። ዛፍ ሥር የሚቆም መኪና በየ3 ወሩ፣ ጋራዥ የሚያድር በዓመት ሁለት ጊዜ ግማሽ ሊትር ውሃ ይፍሰስበት።